በአንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የተደረገ ምልልስ

ሐዋሳ ላይ የሐምሌ ገብርኤል ንግሥ በዋለ በማግሥቱ፣ ከየአገሩ የመጣው ምእመን ገና ወደየቀዬው ተመልሶ ሳያልቅ፣ ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናም ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት ደጃፍ አስጠጋኝ። ከውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ዕድሜውን በብየዳ ካውያና በቴስተር ያሳለፈው የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በወጣትነታቸው ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ ኋላም ለብዙ ዘመን ግዕዝ ያስተማሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የኔታ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ትንሿን ሬዲዮናቸውን ለማሠራት መጥተው ኖሮ፣ ሬዲዮኗ ተሠርታ ከጕልበታቸው ላይ ተቀምጣለች፤ ዝናሙ ግን አላስወጣ ብሏቸዋል። በጠረጴዛው ላይ ከፕላስቲክ ቅርፊቷ የወጣች አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ተዘርግታ ነበር። የሰማሁትን ከቃላቸው ብዙ ሳልርቅ ጽፌዋለሁ፤ በንግግራቸው ውስጥ የተጠሩት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የኔታ፦ እኔ ስገባ ይህችን ሰሌዳ እንደ አራስ ሕፃን በጨርቅ ሸፍነህ ወደ ጥግ ስታስጠጋት አይቼ፣ ምን ብትሆን ነው እያልሁ ቆየሁ። የቴሌቪዥን ናት እንዳልል፣ የቴሌቪዥኑንማ እንዴት አድርገህ ወደ ጆንያው እንደምትወረውረው አውቃለሁ።

ጠጋኙ፦ የጨዋታ ቦርድ ናት፣ የኔታ። አሜሪካን አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ገብርኤልን ለማንገሥ ሲመጣ፣ ከሸሚዞቹ መካከል ጠቅልሎ አምጥቶ «አጎቴ፣ ባትሪዋን ለውጥልኝ» ብሎ ሰጠኝ። በዚያ አገር ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም፤ ነገር ግን በልጅነቱ እዚህች በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ያደገ በመሆኑ፣ ከማያውቀው እጅ ይልቅ የሚያውቀውን አመነ። ቅዳሜ ይሄዳልና እስከዚያ መጨረስ አለብኝ፤ እኔ ግን ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ስሸፍናትና ስገልጣት ሰነበትሁ።

የኔታ፦ ለአንድ ባትሪ?

ጠጋኙ፦ ለአንድ ባትሪ።

የኔታ፦ ስንት ቢገዛት ነው?

ጠጋኙ፦ በእርሷ ዋጋ ጥማድ በሬ ይገዛል። እርሷም ብትሆን ከመካከለኞቹ ናት እንጂ ከውዶቹ አይደለችም፤ ከእርሷ የማይተልቁ ሆነው በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ አሉ፤ ከናካቴው በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ቀርተዋል እየተባሉ ባለቤቶቻቸው የማያበድሯቸው፣ የማያሳዩዋቸውም አሉ።

የኔታ (ካማተቡ በኋላ)፦ ልጅ የሚጫወትበት ነገር! የእኅትህ ልጅ ትዳር ይዟል?

ጠጋኙ፦ ይዟል፣ ሁለት ልጆችም አሉት። ሚስቱ ምን እንደምትል ግን አልጠየቅሁትም።

የኔታ፦ እንግዲህ ከንቱ ነው ብዬ ከመፍረዴ በፊት ንገረኝ፤ ሳይሰሙ መፍረድ ለዳኛም ለመምህርም አይገባም።

ጠጋኙ፦ የዛሬዎቹ ልጆች በየጌም ቤቱ በቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው የሚጫወቱትን አይተዋል። ከዚህ በፊት በፈረንጅና በጃፓን አገር ጨዋታው የሚገኘው በየመጠጥ ቤቱና በየአዳራሹ በቆመ፣ ቁመቱ ሰው በሚያህል፣ ሳንቲም በሚጐርስ ሣጥን ውስጥ ነበር። በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የሚባለውን ሣጥን ሠርቶ፣ በካሊፎርንያ ሰኒቬል በምትባል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት አስቀመጠው። ጥቂት ቀን እንደ ሠራ ተበላሸ ተብሎ፣ የሠራው መሐንዲስ አል አልኮርን መፍቻውን ይዞ ሄዶ ቢከፍተው፣ የተቃጠለም የተበጠሰም ነገር አልነበረውም፤ የሳንቲም መቀበያው ከአፉ ሞልቶ ኖሯል።

የኔታ፦ የእኛ ሙዳየ ምጽዋት በዚህ ሕመም ታምሞ አያውቅም።

ጠጋኙ፦ ያ የመጀመሪያው ሣጥን የተጻፈ ቃል አልነበረውም፤ ጨዋታው ራሱ የሽቦውና የአይሲው አሰካክ ነበር፤ አንዱን ሽቦ ቢፈቱት ጨዋታው ይፈታል። ኋላ ግን ጥበቡ ተለወጠ። በ1978 ኒሺካዶ የተባለው ጃፓናዊ ከሰማይ የሚወርዱትን ወራሪዎች፣ በ1980 ደግሞ ኢዋታኒ የተባለው ያንን ነጥብ እየለቀመ የሚበላውን ክብ ቢጫ አፍ፣ ፓክማንን፣ ሲያወጡ፣ የጨዋታው ሥርዓት ሁሉ በቍጥር ተጽፎ በእነዚህ ጥቋቁር አይሲዎች ውስጥ የሚቀመጥ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳዋ መጽሐፍ ሆነች ማለት ይቻላል፤ ሣጥኑም ...

የኔታ፦ ማኅደሯ።

ጠጋኙ፦ ማኅደሯ! እንዲያውም በ1985 የጃፓን አምራቾች ማኅበር «ጃማ» የተባለውን ደንብ ከሠራ በኋላ፣ የአንዱ ኩባንያ ሰሌዳ በሌላው ሣጥን ይገባ ዘንድ የሁሉም መሰኪያ አንድ ዓይነት፣ 56 ጥርስ ያለው ሆነ። ይኸውልዎ፣ ይህ ከዳሯ ላይ የሚያብረቀርቀው ነው። የሣጥኑ ባለቤት ጨዋታው ሲሰለች ሣጥኑን አይጥልም፤ አሮጌዋን ሰሌዳ ነቅሎ አዲሲቱን ይሰካል፤ የተነቀለችውም ወደ ጓዳ፣ ከጓዳም ወደ ጥራጊ ትሄዳለች። ዛሬ የእኅቴ ልጅና መሰሎቹ የሚፈልጓት ያችኑ የተነቀለችውን ናት።

የኔታ፦ በጓዳ ሞልታ ከኖረች ታዲያ በምን ምክንያት ብርቅ ሆነች?

ጠጋኙ፦ ጥርሶቿ የሚያብረቀርቁት ወርቅ ስለተቀቡ ነዋ! እኔ እንኳ የሞቱ የሪሲቨርና የቴሌቪዥን ሰሌዳዎችን በዚያ ጆንያ አጠራቅሜ ለቆራሌው በኪሎ እሸጣለሁ፤ እርሱም ለሌላው ይሸጣል፤ መጨረሻቸው እሳትና አሲድ ነው። በዚያም አገር እንዲሁ ነበር። ብዙዎቹ ወርቃቸው ሊወጣ ሲሉ ጠፉ፤ ከወርቃቸው ዋጋ መቶ እጥፍ የሚሸጡበት ዘመን እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር? ሌላም ምክንያት አለ። ኒንቴንዶ በ1980 ራዳር ስኮፕ የሚባል ጨዋታ አውጥቶ 3,000 ያህል ሣጥን ወደ አሜሪካ ላከ፤ 1,000 ያህሉ ተሽጦ 2,000 ያህሉ በመጋዘን ቀረ። ኩባንያው በዕዳ ሊወድቅ ሲል፣ ሚያሞቶ የተባለ ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት ሠዓሊ፣ በዚያው ሣጥንና በዚያው ሰሌዳ ላይ የሚገባ ሌላ ጨዋታ እንዲያስብ ታዘዘ፤ አስቦም በ1981 ያንን በርሜል የሚወረውር ዝንጀሮ አመጣ። በመጋዘን የቀሩት ሁሉ ተከፍተው በላያቸው አዲሱ ተተከለ። ዝንጀሮው በዓለም ሁሉ ገነነ፤ የቀድሞው ጨዋታ ግን ከነሣጥኑ ዛሬ በመብራት ቢፈለግ የማይገኝ ሆነ።

የኔታ፦ ይህንንስ አውቀዋለሁ። ብራና ሲወደድ አሮጌውን ጽሕፈት በስለት ፍቆ በላዩ መጻፍ የነበረ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ብራናውን ወደ ብርሃን ብታቀርበው፣ ከዳዊቱ ሥር የቀድሞው ሰው ቃል እንደ ጥላ ይታይሃል። ለመሆኑ እውነተኛዪቱን ከሐሰተኛዪቱ በምን ትለያላችሁ? ይህን ያህል ብር ባለበት ሐሰት አይታጣም።

ጠጋኙ፦ ሐሰተኛውማ ከዋናው ይበዛል። የተወደደ ጨዋታ በወጣ በጥቂት ወር ውስጥ በስርቆት ተገልብጦ በየአገሩ ይሸጥ ነበር። መለያው ብዙ ነው፤ የኩባንያው ጽሑፍ በሰሌዳዋ ላይ የታተመበት አኳኋን፣ የብየዳው ጥራት፣ የመለያ ወረቀቶቿ። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፤ መነጽርዎን ያድርጉና ይህን አይሲ ይዩት። ምን ይላል?

የኔታ፦ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ስድስት።

ጠጋኙ፦ በ1993፣ በ36ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የሰሌዳዋ አይሲዎች ቀን እርስ በርሱ ካልተስማማ፣ አንዱ ከሌላ ሬሳ ተነቅሎ የተተከለ ለመሆኑ ምልክት ነው።

የኔታ (በጣታቸው ሲቈጥሩ ቆይተው)፦ ሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት መስከረም አንድን የያዘው ነው፤ በእኛ 1986 ዓመተ ምሕረት የገባበት። እኛ እንቍጣጣሽ ስንል አንዱ ጃፓናዊ ይህችን ሲያትም ነበር! ቁም ጸሐፊም በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ «በእገሌ መንግሥት፣ በእገሌ ጵጵስና፣ በዚህ ወር ተፈጸመ» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ባይኖር ዕድሜውን ከፊደሉ ቅርጽ ስንገምት እንኖራለን። በል ቀጥል፤ ይህች ደግሞ ወረቀት የተለጠፈባት ምንድን ናት?

ጠጋኙ፦ ወረቀቷን እንዳይነኩብኝ! ከሥሯ እንደ ምስር የምታህል የመስታወት መስኮት አለች። በዚህ ዓይነቱ አይሲ የተጻፈው የሚደመሰሰው በመስኮቷ በሚገባ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነውና፣ ወረቀቷ ተነሥታ ሰሌዳዋ ፀሐይ ላይ ብትሰነብት ቃሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ሳትነሣም ቢሆን በውስጧ የታሰረው የኤሌክትሪክ ቅንጣት ከብዙ ዓመት በኋላ እየሾለከ ፊደል እንደሚጎድልባት ሰብሳቢዎቹ ሁሉ ይፈራሉ።

(እዚህ ላይ የኔታ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ብርሃን አንጻር አዙረው በጀርባቸው ጋረዷት። ነገሩን ከንቱ ያሉ ሰው እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።)

የኔታ፦ ስለ ባትሪው አልነገርኸኝም።

ጠጋኙ፦ እርሱ ነው ዋናው ጕድ። በ1991 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው የድብድብ ጨዋታ፣ ስትሪት ፋይተር ሁለተኛው፣ ዓለምን ሁሉ አጥለቀለቀ፤ ሌቦቹም እንዲሁ ገልብጠው አጥለቀለቁት። ኩባንያው ተቈጥቶ በ1993 በጀመረው በሚቀጥለው የሰሌዳ ዓይነት፣ ያም ይህችው ናት፣ የጨዋታውን ቃል በምሥጢር ጽሕፈት አሰረው። የምሥጢሩ መፍቻ በሰሌዳዋ ላይ አለ፤ ነገር ግን እንደ ሌላው አልታተመም፤ ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ በሚመግበው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። መጋቢዋም ይህች ጣት የማታህል ባትሪ ናት። ሌባ ሰሌዳዋን ፈትቶ ሊመረምር ባትሪዋን ቢነቅል መፍቻው በዚያው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳዋ ስትበራ የምታሳየው አንድ ቀለም የተቀባ ባዶ መስኮት ብቻ ነው። ቃሉ በሙሉ በውስጧ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

የኔታ፦ ሌባውስ ይሁን፤ ባትሪው በገዛ ዕድሜው ቢያልቅ?

ጠጋኙ፦ ያው ነው። ሰሌዳዋ ሌባ ሳይነካት ትሞታለች። በዚያን ጊዜ ወደ ፋብሪካው ተልካ በገንዘብ ትታደስ ነበር፤ ፋብሪካው ሥራውን ሲተው መድኃኒቷም አብሮ ቀረ። ሰብሳቢዎቹ ይህን ባትሪ «ራሱን የሚገድል» ይሉታል፤ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ዝም ብለው ስንቶቹ እንደ ሞቱ እግዚአብሔር ይወቀው።

የኔታ (ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ)፦ ልጄ፣ እኛም ቍልፍ አለን። በብራናው መጨረሻ ጸሐፊው ወይም ባለ መጽሐፉ፣ ይህን የሰረቀ፣ ይህን የፋቀ፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ያወጣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ይጽፋል። እኔም ራሴ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን አሁን አንተ ስትናገር ያስተዋልሁት ነገር አለ፤ የሰረቀ እንላለን፣ የፋቀ እንላለን፤ የገለበጠ ብለን ግን ረግመን አናውቅም። የገለበጠማ ዋጋው በሰማይ ነው። ይህ የጃፓኑ ቍልፍ የተበጀው ግን ከሌባው ይልቅ በገልባጩ ላይ ነው፤ ስለዚህም መጽሐፉን ከነምሥጢሩ ወደ መቃብር ይዞት የሚወርድ ሆነ።

ጠጋኙ፦ ለኩባንያው እንኳ ጥቂት ልከራከርለት። ገልባጩ ለጽድቅ ብሎ አልገለበጠም፤ ሊሸጥበት ነው እንጂ። ደክመው የሠሩት ሰዎች ልጆች አሏቸው።

የኔታ፦ አልካድሁም። ቁም ጸሐፊም ሳይከፈለው አይውልም። የምለው ስለ ዘመኑ ርዝመት ነው፤ ገበያው ሦስት ዓመት፣ ባትሪው ዐሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን ማለቂያ የለውም። ሄኖክን ተመልከት። መጽሐፈ ሄኖክ በአረማይስጥ ተጽፎ፣ ወደ ጽርእ ተመልሶ፣ በዓለም ሁሉ ይነበብ የነበረ ነው። ኋላ አይሁዱም ሮሙም ጽርኡም ተዉት፤ የተወ ሰው አይገለብጥም፤ ያልተገለበጠ ብራናም አይጥና ምስጥ ይበላዋል። በመጨረሻ ሙሉው ቃል በዓለም ላይ የቀረው በግዕዝ ብቻ ሆነ። ይህ የሆነው የእኛ ብራና ከሌላው ስለጠነከረ አይደለም፤ ከአክሱም ጀምሮ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እየገለበጠው ስለኖረ ነው። ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ ጎንደር ቈይቶ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲገባ ሦስት ሄኖክ ይዞ ገባ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ከሦስቱ መውጣት በኋላ ኢትዮጵያ ሄኖክ አጣች? አላጣችም። በአንጻሩ የመቅደላውን እይ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤት ከወሰደው 350 ያህል መጽሐፍ ዛሬ በሎንዶን ተቀምጧል። ንባቡ ስላልጠፋብን ብቻ «እንኳን ተወሰደ» የሚል ሰው ቢገኝ ግን እኔ አልስማማም።

ጠጋኙ፦ ለምን? ንባቡ ካለ ሥጋው ለምን ያስፈልጋል? የእኅቴን ልጅ ይህንኑ ነው የጠየቅሁት። ምክንያቱም የእነዚህም ጨዋታዎች ንባብ ተገልብጧል። በ1997 ሳልሞሪያ የተባለ አንድ ኢጣሊያዊ «ሜም» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ ...

የኔታ፦ ሜም? በመቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ከላሜድ ቀጥላ ያለችው ናት!

ጠጋኙ (እየሣቀ)፦ እርሷን አስቦ አይመስለኝም። ይህ ፕሮግራም የየአይሲውን ጠባይ በኮምፒዩተር ላይ እየመሰለ፣ ከየሰሌዳው የተቀዳውን ቃል ያስነሣል። በዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያላቸውን ሰሌዳ እየቀዱ ሰጡ፤ በሺህ የሚቈጠር ጨዋታ ተረፈ። የዚህችንም ዓይነት ምሥጢር በ2001 ፈቱት፤ በ2016 ደግሞ የሞተችው ሰሌዳ መፍቻዋ እንደገና ተጽፎላት የምትነሣበት መንገድ ተገኘ። እንግዲህ ጨዋታው በነጻ በሚገኝበት ዘመን ጥማድ በሬ የሚያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

የኔታ፦ እኛስ ከ1973 ጀምሮ የየገዳሙ መጽሐፍ በማይክሮፊልም ሲነሣ፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ተነሥቶ አንዱ ቅጂ አሜሪካ ሚነሶታ ሲቀመጥ፣ ብራናውን ጣልነው? ፊልሙ ንባቡን ያሳይሃል፤ ዲያቆኑ ጧፍ ያንጠባጠበበትን ግን በጣትህ አትዳስሰውም። ገጽ የሚገለጥበት ጠርዝ በሰው አውራ ጣት ወዝ ጠቍሮ ታየዋለህ፤ የትኛው ገጽ ብዙ እንደ ተነበበ የሚነግርህ ያ ጥቍረት እንጂ ቃሉ አይደለም። የቆዳውና የጭሱ ሽታስ? አንተ ራስህ የዚህችን ቀን ያወቅኸው ከሥጋዋ ላይ አይደለምን?

ጠጋኙ፦ ከሥጋዋ ነው። እርሱም የነገረኝ ተመሳሳይ ነው፤ ቅጂው ስሕተት ቢኖርበት የሚታረመው ከዋናዋ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ዋናዋ ከጠፋች ስሕተቱ እውነት ሆኖ ይቀራል አለኝ። ነገር ግን የሰብሳቢውን ወገን ያህል የሰብሳቢውንም በሽታ ነገረኝ። አታሪ በ1982 ጀምሮ ለገበያ ሳያወጣው የተወው አካ አር የሚባል ጨዋታ አለ፤ ሣጥኖቹ ሦስት ያህል ብቻ በግለሰቦች እጅ እንዳሉ ይታወቅ ነበር፤ ቃሉ ወደ ሕዝብ የወጣው ግን በ2019 ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት! ዋጋዬ ይቀንሳል ብሎ ሳያስቀዳ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ ቤቱ አንድ ቀን ቢቃጠል ጨዋታው ከዓለም ይጠፋል።

የኔታ፦ እርሱ ሰብሳቢ አይደለም፤ ሁለተኛው ባትሪ ነው።

ጠጋኙ፦ እኔም ብሆን ከዚህ የጸዳሁ አይደለሁም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ማጫወቻ ሊያሠራ መጥቶ ገንዘብ ሲያጥረው አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ በምትኩ ተወልኝ፤ አምሐ እሸቴ በ1969 ከጀመረው ከአምሐ ሬኮርድ የወጡ ነበሩበት። እኔ በርካሽ ለአንድ መንገደኛ ሸጥኋቸው፤ ኋላ በውጭ አገር የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፈረንሳዊው ፋልሴቶ በዚያው ሜም በተጀመረበት በ1997 «ኢትዮፒክስ» እያለ ሙዚቃውን በተከታታይ እንደገና ባያሳትመው ኖሮ፣ ያ የሸጥሁት ካርቶን ለስንቱ ዘፈን የመጨረሻው መጠጊያ ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ። እኔን የቈጨኝ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ዘፈኑ ሳይሆን ብሩ ነበር።

የኔታ፦ ስለተናዘዝህ ንስሓህ ቀላል ይሁንልህ። እኔ ደግሞ ንባቡም ሥጋውም ተርፎለት የሞተ ነገር ልንገርህ። ሠንጠረዥን ታውቃለህ?

ጠጋኙ፦ ቼዝ ማለትዎ ነው?

የኔታ፦ የእኛውን ሠንጠረዥ ማለቴ ነው፤ ነገሥታቱና መኳንንቱ የሚጫወቱትን። ገበታው እንደ ፈረንጁ ጥቍርና ነጭ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በመስመር የተከፈለ ነው። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ በየቦታቸው ይሰለፋሉ። ከዚያም «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ በወደደው ፍጥነት፣ አንዱ የሌላውን እስኪመታ ድረስ ጭፍራውን ያንቀሳቅሳል። አንዱ የወንድሙን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያም እንደገና ያንን አይቶ ይመልሳል፤ እጅና ዓይን ይሽቀዳደማሉ። የመጀመሪያው ምት ሲመታ ብቻ ተራ ይጀመራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሌላ አለ ሲባል አልሰማሁም። ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ባየው ጊዜ ጽፎታል፤ ፓንክኸርስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ አሳትሟል። ሕጉ አለልህ፤ ጠጠሮቹም በየሙዚየሙ አሉልህ። እኔ ግን ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሲጫወቱት አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም። ገበጣ ግን፣ ሰው አፈር ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወተው፣ ማንም ሳይጠብቀው እስከ ዛሬ አለ።

ጠጋኙ፦ እንግዲህ ባትሪዋን ለውጬ ሰሌዳዋ በመስታወት ውስጥ ብትቀመጥ ...

የኔታ፦ የእኅትህ ልጅ ይጫወትባታል ወይስ ያያታል?

ጠጋኙ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ይጫወትባታል። ትልቋ ታሸንፈዋለች አሉ።

የኔታ፦ ታዲያ ለበሬው አላዝንም። አሁን ቴስተርህን አምጣው፤ የባትሪው አቅም ስንት ይላል?

ጠጋኙ፦ 3 ነጥብ 4። አዲሱ 3 ነጥብ 6 ነው። ገና አልወደቀም፤ ነገር ግን ሲወድቅ ቀስ ብሎ አይወድቅም ይላሉ።

የኔታ፦ ብትሞትም የምትነሣበት መንገድ ተገኝቷል ብለኸኛል። ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የገተረህ ምንድን ነው?

ጠጋኙ፦ ትነሣለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሞት የኖረች ግን ሌላ ናት፤ ከዚያ ከእንቍጣጣሹ ዓመት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣው መፍቻ ዛሬም በውስጧ አለ፤ እንዲህ ያሉት ደግሞ እያነሱ ነው። የእኅቴ ልጅ በእኔ እጅ እንድትሞት አልሰጠኝም። የገተረኝስ ሦስተኛ እጅ ማጣት ነው፣ የኔታ። አሮጌው ባትሪ ሲነቀል ሰሌዳዋ እንዳትራብ፣ ሌላ ባትሪ ከጎን በሽቦ ማገናኘት አለብኝ፤ በአንድ እጄ ካውያውን፣ በሌላው ባትሪውን ስይዝ፣ ያችን ሽቦ ፈቀቅ እንዳትል የሚይዝልኝ የለኝም። ረዳቴ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ከያዘ ወዲህ ብቻዬን ነኝ።

የኔታ (ሬዲዮናቸውን ከጕልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ እያኖሩ)፦ ወንበሩን አስጠጋልኝ።

ጠጋኙ፦ የኔታ፣ ይቅርብዎ። ሽቦዋ እንደ ፀጕር ናት፤ እጅዎ ...

የኔታ፦ ይህ እጅ ስመ አምላክ በቀይ ቀለም ከጥቍሩ መስመር ሳይነካ ዐርባ ዓመት ሲጽፍ የኖረ ነው። የት ላይ ነው የምይዘው?

ጠጋኙ፦ እዚህች ነጥብ ላይ። ካውያው ሞቋል፤ ኤሌክትሪኩ በጫፉ እንዳያመልጥባት ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ፤ ሳይቀዘቅዝ መጨረስ አለብኝ። እስትንፋስዎንም ያዝ ያድርጉልኝ።

የኔታ፦ ስሙን ስጽፍም እይዘው ነበር። ንቀል።